የማን አባት ነበር? የጠፋ ፎቶ ወደ ቤቱ ሲመለስ

(በአንድ የንባብ ክበብ ምሽት ያቀረብኩት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ጥቂት ቦታ አሳጥሬዋለሁ። ከተጠየቅኳቸው ጥያቄዎች ሁለቱን መጨረሻ ላይ ጨምሬያለሁ።)

እንደምን አመሻችሁ። በዚህ ዝናብ ወንበሩ ባዶ ይሆናል ብዬ ሰግቼ ነበር። ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

ዛሬ የማወራው ስለ አሮጌ ፎቶ ነው። ስለራሳችን ሳይሆን ስለ ሌላ ሰው ፎቶ። አሮጌ መጽሐፍ ስትገዙ ገጾቹ መሀል ተጣብቆ የምታገኙት ዓይነት። የተከራያችሁት ቤት ቁም ሳጥን ውስጥ ተረስቶ የቀረ። ወይም ከጥንት ዕቃ ሻጭ ዘንድ ከመስቀልና ከአምባር ጋር ተደባልቆ የተቀመጠ። ስም የለውም። ግን የሆነ ቦታ ላይ፣ ያንን ፊት ሲያይ "እማዬ!" ብሎ የሚጮህ ሰው አለ። ያንን ሰው እንዴት እናገኘዋለን? ስናገኘውስ ምን ብለን እንጀምራለን? እኔን ከመጀመሪያው ይልቅ ሁለተኛው ጥያቄ ያሳስበኛል። ለምን እንደሆነ በአንድ ታሪክ ላስረዳ።

ዘመኑ 1863 እ.ኤ.አ. ነው። እኛ ጋ አፄ ቴዎድሮስ ዙፋን ላይ ናቸው። አሜሪካኖች እርስ በርሳቸው እየተላለቁ ነው። በጁላይ ወር መጀመሪያ፣ ፔንስልቬንያ ውስጥ ጌቲስበርግ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ የሰሜኑና የደቡቡ ጦር ሦስት ቀን ተዋጉ። ከውጊያው በኋላ ከተማው ውስጥ አንድ ጭር ያለ ቦታ ላይ የአንድ የሰሜን ወታደር አስከሬን ተገኘ። ማንነቱን የሚናገር ወረቀት የለውም። ያኔ መንግሥት ለወታደሩ ስም የተቀረጸበት የአንገት ብረት አይሰጥም። አንድ ነገር ብቻ ተገኘበት፤ ፎቶ። በመስታወት ላይ የተሠራ፣ በዘመኑ አምብሮታይፕ የሚባለው ዓይነት። ሦስት ሕፃናት ይታዩበታል።

ፎቶው ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር አንድ የመንገድ ዳር መጠጥ ቤት ደረሰ። ጆን ፍራንሲስ ቦርንስ የሚባል የፊላደልፊያ ሐኪም ቁስለኛ ለመርዳት ወደ ጌቲስበርግ ሲጓዝ ሠረገላው እዚያ አካባቢ ተበላሸ። መጠጥ ቤቱ ገብቶ ፎቶውን አየ። ታሪኩን ሰማ። የልጆቹን ቤተሰብ እፈልጋለሁ ብሎ ባለመጠጥ ቤቱን አግባብቶ ወሰደው።

እዚህ ላይ አንድ ችግር አለ። ያኔ ጋዜጣ ፎቶ ማተም አይችልም። ስለዚህ ፎቶው በቃላት ተገለጸ። ኦክቶበር 19 ቀን ፊላደልፊያ ኢንኳየረር "የማን አባት ነበር?" በሚል ርዕስ ወሬውን አወጣ። የልጆቹ ዕድሜ በግምት ተጻፈ። ትንሹ በሁለቱ መሀል ከፍ ያለ ወንበር ላይ መቀመጡ ተጻፈ። አንዲት ትንሽ ነገርም ተጨመረች፤ የትልቁ ልጅ ሸሚዝና የእህቱ ቀሚስ ከአንድ ዓይነት ጨርቅ የተሰፉ ይመስላሉ ተባለ።

ሌሎች ጋዜጦች ወሬውን እየገለበጡ አወጡት። አንድ የቤተ ክርስቲያን ጋዜጣ ኒው ዮርክ ግዛት ውስጥ ፖርትቪል የምትባል መንደር ደረሰ። እዚያ ፊሊንዳ ሂውሚስተን የምትባል ሴት ትኖራለች። ባሏ አሞስ ዘምቷል። ከጌቲስበርግ ወዲህ ደብዳቤው ተቋርጧል። ከዚያ በፊት የልጆቻቸውን ፎቶ ልካለት ነበር። ምንም ምስል ሳታይ፣ በጽሑፉ ብቻ ጠረጠረች። ደብዳቤ ተጻጻፉ። ሐኪሙ በወረቀት ያስባዛውን ቅጂ ላከላት። ስትከፍተው ፍራንክ፣ አሊስና ፍሬድ ናቸው። የገዛ ልጆቿ።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር ይዤ ነው የምቀጥለው።

አንደኛው፣ ያገናኛቸው መልክ አለመሆኑ ነው። ማንም "ልጅቷ ዓይኗ እንዲህ ነው" ብሎ አላገኛትም። ጨርቅና ወንበር ናቸው ያገኟት። እኛ አሮጌ ፎቶ ስናነሳ መጀመሪያ የምናየው ፊቱን ነው። "ስታምር!" እንላለን። ለማያውቃት ሰው ግን ፊቷ ዝም ያለ ነው። የሚናገረው ሌላው ነው፤ የሸማው ጥለት፣ የደረቱ ምልክት፣ ከኋላ ያለው በር፣ ጥግ ላይ ያለው ማህተም።

ሁለተኛው ከበድ ይላል። ፊሊንዳ ያንን ፖስታ ስትከፍት ባሏ መሞቱን አረጋገጠች። የተላከላት የልጆቿ ፎቶ ነው፤ የደረሳት ግን መርዶ ነው።

እኛ ለመርዶ ሥርዓት አለን። ሰው ሲሞት ለቅርብ ዘመዱ በስልክ ዘርግፈን አንነግርም። መጀመሪያ ዘመድ ወዳጅ ይመክራል። ማን ይንገር ይባላል። ልቧ ደካማ ናት ወይ፣ ቤት ውስጥ ማን አለ ይባላል። ከዚያ ሽማግሌዎች በማለዳ ተሰብስበው ይሄዳሉ። ዋሽንግተንም ሆነ ቴል አቪቭ ያለው ወገናችን እስከ ዛሬ እንዲሁ ነው የሚያደርገው፤ ጓደኛ ተጠራርቶ ሰውየው ሥራ ሳይገባ በሩ ላይ ይደርሳል። እኔ የምለው፣ የጠፋ ፎቶም መመለስ ያለበት በዚያው ጥንቃቄ ነው። ሁልጊዜ ሐዘን ይዞ ይመጣል ማለቴ አይደለም። ብዙ ጊዜ እልልታ ነው። ግን እልልታ ይሁን ለቅሶ፣ በሩን የምታንኳኳው አንተ አስቀድመህ አታውቅም።

ስለ ሐኪሙ ሳልጨርስ አልለፍ፤ የዚያ ሰው ነገር ይከነክነኛል። ቦርንስ የልጆቹን ፎቶ በብዛት አስባዝቶ ሸጠ። ገቢው የሟች ወታደሮች ልጆች ለሚያድጉበት ተቋም ነው ተባለ። በ1866 እዚያው ጌቲስበርግ ላይ ማሳደጊያው ተከፈተ። ፊሊንዳም ልጆቿን ይዛ ገባች፤ እዚያው ትሠራም ነበር። በኋላ ሌላ ባል አግብታ ወጣች። ከዚያ ነገሩ ተበላሸ። የማሳደጊያው ኃላፊ የነበረችው ሴት በልጆች ላይ በፈጸመችው በደል ተከስሳ ተፈረደባት። ቦርንስ ራሱ በገንዘብ ማጉደል ተወቀሰ። በ1877 ቤቱ ተዘጋ። ሰውየው ሲጀምር ክፉ አልነበረም ብዬ አምናለሁ። ሠረገላው ተሰብሮበት እንኳን የሰው ልጆች ጉዳይ ያስጨነቀው ሰው ነው። ችግሩ የት ላይ ነው? ፎቶውን ያገኘው ሰው የፎቶው ጌታ ሆኖ መቅረቱ ላይ ነው። የሦስት የቲም ልጆች ፊት አገር ምድሩ የሚገዛው ዕቃ ሆነ። ዛሬ በማኅበራዊ ሚዲያ የምናደርገውን ስታስቡ፣ ቦርንስ ያን ያህል ሩቅ ሰው አይደለም።

አሞስ ሂውሚስተን ግን አልተረሳም። በ1993 ጌቲስበርግ ላይ ሐውልት ቆሞለታል። በዚያ ሁሉ የጄኔራሎችና የክፍለ ጦር ሐውልት መሀል ለአንድ ተራ ተዋጊ ለብቻው የቆመ እሱ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ቅርብ ጊዜ ልምጣ። በማርች 2011 እ.ኤ.አ. ጃፓን በመሬት መንቀጥቀጥና በሱናሚ ተመታች። ውኃው ቤቱን ጠርጎ ሲወስድ አልበሞችም አብረው ሄዱ። ፍርስራሹን የሚያነሱት ወታደሮችና በጎ ፈቃደኞች ጭቃ ውስጥ ፎቶ ሲያገኙ አልጣሉትም። ለብቻ አስቀመጡት። ፎቶ ባሕር ውኃ ከነካው ጊዜ አይሰጥም። ምስሉ ያለበት ስስ ሽፋን ጄላቲን ነው፤ ባክቴሪያ ይበላዋል። ስለዚህ በጎ ፈቃደኞች በትሪ ውኃ እያጠቡ፣ በገመድ ላይ እያንጠለጠሉ አደረቁት። ሪኮ የተባለው የካሜራና የማባዣ ማሽን ኩባንያ ብቻውን ወደ 418,000 የሚጠጋ ፎቶ ሰብስቦ ወደ ኮምፒውተር አስገባ። በአራት ዓመት ውስጥ ወደ 90,000 የሚሆነው ለባለቤቶቹ ተመለሰ።

እዚህ ቁጥር ላይ ልቁም። ያ ሁሉ ገንዘብ፣ ያ ሁሉ ማሽን፣ ያ ሁሉ ሕዝብ ተረባርቦ የተመለሰው ሩብ አይሞላም። ስለዚህ ፎቶ ይዛችሁ ባለቤቱን ስታጡ ራሳችሁን አትውቀሱ።

ዘዴያቸው ግን ይጠቅመናል። ጃፓኖቹ ፎቶ ይዘው ቤት ለቤት አልዞሩም። ቤቱ የለማ! ፎቶዎቹን አንድ ቦታ ደረደሩና ሰው እንዲመጣ አደረጉ። ሰዎች እየመጡ አልበም ገለበጡ። የራሳቸውን ሲያጡ የጎረቤታቸውን እያገኙ "ይሄማ የእገሌ ልጅ ሠርግ ነው" አሉ።

ጀርመን ደግሞ በተቃራኒው የሚሄድ ሥራ አለ። አሮልሰን የሚባለው መዝገብ ቤት፣ ናዚዎች ካምፕ ሲያስገቧቸው ከእስረኞች የቀሟቸውን ዕቃዎች ይዟል። ሰዓት፣ ቀለበት፣ ደብዳቤ፣ የኪስ ፎቶ። ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዘመቻ መልክ ቤተሰብ እየፈለገ ይመልሳል። እነሱ ጋ ዕቃው በአብዛኛው ከስም ጋር ነው ያለው። ስም ካለ መዝገብ ይፈተሻል፣ የልጅ ልጅ ይገኛል፣ ይደወላል።

የኛ ነገር ለየትኛው ይቀርባል? ለጃፓኑ። እኛ ጋ በስም መፈለግ ከባድ ነው። የቤተሰብ ስም የለንም። ፎቶው ጀርባ ላይ "ከበደ ተሰማ" ተብሎ ቢጻፍ የሰውየው ልጅ "አልማዝ ከበደ" ናት። የልጅ ልጁ ዘንድ ተሰማ ጠፍቷል። ደግሞ ሴትዮዋ የክርስትና ስም አላት፣ የዓለም ስም አላት፣ ቤት ውስጥ የምትጠራበት ሌላ ስም አላት። ሰፈሩ "ማሚቴ" እያለ የሚጠራትን ሴት መዝገብ ላይ ብትፈልጓት ዕድሜ ልካችሁን አታገኟትም። ፈረንጅ አገር ያሉ የዘር ፍለጋ ድረ ገጾች ለኛ ሰው እምብዛም የማይሠሩት ለዚህ ነው።

ይልቅ ፎቶውን ገልብጡት። የኛ ሰው የፎቶ ጀርባ ላይ መጻፍ ይወዳል። "ለማስታወሻ ያህል ለማልረሳህ ወንድሜ" ይላል። "ባታየኝም እያየኸኝ ኑር" ይላል። አንዳንዱ ግጥም ይጨምርበታል። ይሄ ለፈላጊ ወርቅ ነው። ማን ለማን እንደላከው ያሳያል። ፎቶ የላከ ሰው ርቆ ሄዷል፤ ስለዚህ ፎቶው የተገኘበት ከተማና የተነሣበት ከተማ ይለያያሉ ማለት ነው። የምትፈልጉት ቤተሰብ ሁለት ቦታ ሊሆን ይችላል።

ቀኑን ስታነቡ ደግሞ ተጠንቀቁ። ጀርባው ላይ 12/5/58 ተብሎ ተጽፏል እንበል። ውጭ አገር ያገኘው ሰው "1958፣ ሜይ ወይም ዲሴምበር" ብሎ ይመዘግባል። ስምንት ዓመት ስቷል። በኛ ጥር 12 ቀን 1958 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 20 ቀን 1966። ነገሩ በዚህ አያበቃም። ጥር 12 የጥምቀት ማግስት ነው፣ ቃና ዘገሊላ፣ ሚካኤል የሚገባበት። ልጆቹ ሁሉ ከጫማ እስከ ጸጉር የተሽሞነሞኑት ለምን እንደሆነ ገባችሁ? ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ። ቤተሰቡ ታቦት ሸኝቶ ሲመለስ ፎቶ ቤት ገባ። ያ ማለት ደግሞ ፎቶ ቤቱ ቅርብ ነበር ማለት ነው። የቁጥር ስህተት ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልደከምኩ። ሙሉ የቤተሰብ ቀን ነው የሚጠፋው።

ከዚያ ማህተሙ። የድሮ ፎቶ ቤቶች ስማቸውን ጥግ ላይ ይጫኑ ነበር፤ በቀለም ወይም እንዲያው ወረቀቱን በማጎድጎድ። አዲስ አበባ ላይ የአርመኖቹ የቦያጂያን ቤተሰብ ስም ትልቁ ነው። አባትየው ቤድሮስ የአፄ ምኒልክ ፎቶ አንሺ ነበር። ሥራውን ልጆቹ ሃይጋዝና ቶኒ ወረሱ። ከዚያ በኋላ በየከተማው ፎቶ ቤቱ በዛ። ድሬዳዋ፣ አሥመራ፣ ደሴ፣ ጅማ። ማህተም ባይኖር እንኳ የጀርባ መጋረጃው ያሳብቃል። ያ የተሳለ ሐይቅና ደረጃ፣ ያ የፕላስቲክ አበባ፣ ያ ለሁሉም የሚዋስ ኮትና ክራቫት! ሦስት የተለያየ ቤተሰብ አንዱን ኮት ለብሶ ሲታይ ፎቶ ቤቱ አንድ መሆኑን ታውቃላችሁ። ፎቶ ቤቱ ከታወቀ ሰፈሩ ታወቀ።

ነጋቲቩስ? በአብዛኛው የለም። ዲጂታል ሲመጣ ፎቶ ቤቶች ተዘጉ፤ ካርቶን ሙሉ ነጋቲቭ ቦታ አጣበበ ተብሎ ተጣለ። ይሄ ያናድደኛል። እዚህ ውስጥ አያቱ ወይም አጎቱ ፎቶ አንሺ የነበረ ሰው ካለ፣ ዛሬ ማታ ይደውልና ካርቶኑ የት እንዳለ ይጠይቅ።

ሰፈሩን ካወቃችሁ በኋላ ኮምፒውተሩን ዝጉና ውጡ። እድር ሂዱ። የእድር ጸሐፊ የአባወራውንና የእማወራውን መዝገብ ይዟል፤ ማን ሞተ፣ ማን ለቀቀ፣ ማን ወደ ልጁ ቤት ገባ ያውቃል። የሰንበቴ ማኅበር ሂዱ። ደጀ ሰላም ላይ የሚቀመጡ ሽማግሌዎችን ጠይቁ። ፎቶውን በስልክ አታሳዩአቸው፤ ብርሃን በምታበራ ትንሽ መስታወት ላይ ዓይናቸው ፊት አይለይም። በትልቅ ወረቀት አትሙና እጃቸው ላይ አስቀምጡ። "ይህቺ ማናት?" ብላችሁ አታጣድፉ። ዝም በሉ። ብዙ ጊዜ የሚጀምሩት ከሰውየው አይደለም። "ይሄ በር የእነ እገሌ አይደል?" ይላሉ። ከዚያ በሩ ሰውየውን ይጠራል።

ይሄ መንገድ ግን በየቀኑ እየጠበበ ነው። ሽማግሌዎቹ ያልፋሉ፣ ያ የታወቀ ነው። አሁን ደግሞ ሰፈሩ ራሱ ይሄዳል። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳና ዶሮ ማነቂያ ሲፈርሱ ነዋሪው ወደ ከተማው ዳርቻ ተበተነ። ስለ ግንባታው ሌላ ቀን እንከራከር። ለፎቶ ፈላጊ ግን "ይሄ በር የማን ነው" ብሎ የሚጠይቅበት በር የለም፤ መልሱን የሚያውቁት ሴትዮ ደግሞ የሚኖሩት ስሙን ገና በማያውቁት ኮንዶሚኒየም ሳይት ነው። ደስ የሚለው እድሩ ብዙ ጊዜ አይፈርስም። ሰው ርቆ ሄዶም በድሮ እድሩ ይከፍላል።

ስለ ውጭ አገር ስብስብ ትንሽ ልበል። ከ1962 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሰላም ጓድ መምህራን ከአሜሪካ መጥተው በየክፍለ ሀገሩ አስተምረዋል። ብዙዎቹ ካሜራ ነበራቸው። ባለቀለም ስላይድ ነው የሚያነሡት፤ ቀለሙ እስከ ዛሬ ያልደበዘዘ አለ። ያኔ ሃያዎቹ ውስጥ የነበሩት ዛሬ ሰማንያውን አልፈዋል። ቤታቸው ያለው ሣጥን የእናንተ አባት በአሥራ አምስት ዓመቱ፣ ቁምጣ ለብሶ፣ ጥቁር ሰሌዳ ፊት የቆመበት ሊሆን ይችላል። አባታችሁን ማን የተባለ ፈረንጅ እንዳስተማራቸው ጠይቁ። ስሙን ያስታውሳሉ፤ አስተማሪ አይረሳም። ይሄ በተቃራኒው የሚሠራ ፍለጋ ነው፤ ሰውየው ፎቶውን ይፈልጋል።

ከባዱ የጣሊያን ዘመን ፎቶ ነው። ከ1935 እስከ 1941 እ.ኤ.አ. የመጡት የጣሊያን ወታደሮች ካሜራ ይዘው ነበር። አልበሞቻቸው ከሞቱ በኋላ እዚያ አገር የአሮጌ ዕቃ ገበያ ላይ ይሸጣሉ። ደራሲዋ መዓዛ መንግሥቴ እነዚህን ፎቶዎች ስትሰበስብ ቆይታለች፤ በዓመታቱ የተሰየመ ማኅደርም ከፍታለች። እዚያ ዘመን ፎቶ ውስጥ የምታዩት ሁሉ ፈቅዶ የተነሣ አይደለም። ልብሷን እንድታወልቅ የተገደደች ልጅ አለች። የተሰቀለ አርበኛ አለ፤ ሥሩ ቆሞ የሚስቅ ወታደር አለ።

እንግዲህ ንገሩኝ። የዚያች ልጅ የልጅ ልጆች ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ አሉ። ፎቶዋ "ይህቺን ሴት የሚያውቅ ሼር ያድርግ" ተብሎ ፌስቡክ ላይ ይውጣ? አይውጣ! በእኔ አስተያየት ፊቷና ቦታው ብቻ እንዲታይ ተቆርጦ፣ ለሚታመን ሰው፣ በእጅ ነው የሚታየው። መርዶ አደባባይ ላይ በማይክራፎን አይነገርም። "ታሪክ ነው፣ ሰው ማየት አለበት" የሚሉኝ አሉ። ታሪክ መሆኑን አልክድም። መጀመሪያ የማየት መብት ያለው ግን ቤተሰቧ ነው፤ ይውጣ አይውጣ የሚለውም እነሱ ናቸው።

ቀለል ያለውም ፎቶ ቢሆን ያው ነው። አንድ ሰውዬ ከአንዲት ሴትና ከሁለት ሕፃናት ጋር ተቀምጧል። ቆንጆ የቤተሰብ ፎቶ። ልጁን ፈልጋችሁ አገኛችሁ። ልጁ ፎቶውን ያያል፤ ሴትየዋ እናቱ አይደለችም። ሕፃናቱንም አያውቃቸውም። አባትየው ከሠላሳ ዓመት በፊት ሞቷል፤ የሚጠየቅ የለም። አሁን ምን አመጣችሁ? ስለዚህ መጀመሪያ ለአንድ ሰው ብቻ፣ ለብቻው፣ በቃል ንገሩት። "የአባትህ የሚመስል ፎቶ አለኝ፤ ሌሎች ሰዎችም አሉበት፤ ማየት ትፈልጋለህ?" በሉት። እምቢ ካለም እምቢታው ይከበር። አስቀምጡለት። ሰው ሐሳቡን ይቀይራል።

አንድ ነገር ደግሞ ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት። አሮጌ ፎቶ አስገብቶ የጠራ፣ ባለቀለም፣ የሚስቅ ፎቶ ማውጣት አሁን ቀላል ሆኗል። ያምራል። ግን ማሽኑ የጠፋውን ዓይን አያገኘውም፤ ከራሱ ይፈጥረዋል። ሰው ለአርባ ዓመት ያላያትን እናቱን ሊያይ ተቀምጦ፣ የእናቱን ልብስ የለበሰች ሌላ ሴት ታቀርቡለታላችሁ። አቧራውን ጥረጉ፤ ፊቱን አትንኩ። ጭረቱ ይቆይ።

አበቃሁ። ጥያቄ ካለ እንስማ።

(ከፊት ወንበር አንድ ወጣት፦ "እኔ ፎቶዎቹን በገንዘቤ ነው የምገዛው። ለቤተሰቡ ስሰጥ ያወጣሁትን ብጠይቅ ነውር ነው?")

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ብዙ ሰው አፍሮ አይጠይቀውም። የገዛህበትን ዋጋ ብቻ ከሆነ፣ አስቀድመህ በግልጽ ከተናገርክ፣ እኔ ነውር አልለውም። ነውር የሚሆነው ፎቶውን አሳይተህ፣ ሴትዮዋ ማልቀስ ከጀመሩ በኋላ ዋጋ ስትጠራ ነው። እኔ ብሆን ገንዘቡን እተወዋለሁ፤ በምትኩ ቅጂ እንድይዝ ፈቃድ እጠይቃለሁ። ዋናው ፎቶ ግን የነሱ ነው። ቅጂ ሰጥቶ ዋናውን ማስቀረት አይሆንም። ጀርባው ላይ ያለው የእጅ ጽሑፍ የአባታቸው ነው፤ ወረቀቱን አባታቸው ነክቶታል።

(ከኋላ አንዲት እናት፦ "ልጄ፣ ባለቤቱ ጨርሶ ባይገኝስ? እኔ የሟች እህቴ ዕቃ ውስጥ የማላውቃቸው ሰዎች ፎቶ አለ። ልጣለው እንዴ?")

እማማ፣ እንዳይጣል! መጀመሪያ የእህትዎን ጓደኞች ይጥሩና ቡና ላይ ፎቶዎቹን ያሳዩአቸው፤ አብረዋት የተማሩ፣ አብረዋት የሠሩ። አንዷ አንድ ሰው ብታውቅ ያ ሰው ሌላውን ያመጣል። ያወቁትን ስም ከጀርባው ላይ በእርሳስ፣ ሳይጫኑ ይጻፉ። በእስክሪብቶ አይሁን፤ ቀለሙ ወደ ፊት ያልፋል። ጀርባው ላይ የነበረ ጽሑፍ ካለ አያጥፉት፣ ፎቶ ሲያስነሡት ሁለቱንም ገጽ ያስነሡ። ፎቶዎቹ በአንድ ፖስታ ውስጥ አብረው ከነበሩ አይለያዩአቸው፤ አንዱ ላይ ስም ባይኖር ሌላው ላይ ሊኖር ይችላል። በፕላስቲክም አይጠቅልሉ፤ እርጥበት ይይዛል፣ ምስሉ ይጣበቃል። ንጹሕ ወረቀት ይበቃል። የሚያውቅ ሰው ከጠፋ ደግሞ ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም አለ፤ የፎቶ ስብስብ አለው። ወመዘክርም አለ። ይቀበሉ እንደሆነ ሄደው ይጠይቁ። ሲሰጡ እህትዎ ማን እንደነበረች፣ የት ሰፈር እንደኖረች፣ የት እንደሠራች በአንድ ገጽ ጽፈው አብረው ያስገቡ። ከፈለጉ እኔም ልጽፍልዎት እችላለሁ፤ ስንወጣ ስልክዎን ይስጡኝ።